አባቴ «ትንሽ» ሲል

የታጠበ ዝንጅብል ሽታ ዛሬም ያስቆመኛል። ባለፈው ሳምንት ሶዶ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ጆንያዋን ፈትታ፣ ጭቃ የጠገበውን ዝንጅብል በባልዲ ውሃ ስታሽ አጠገቧ ደረስኩ። ልገዛ አልነበረም፤ ግን ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ የወንድሜ ሽታ ነው። እጁም፣ ሸሚዙም፣ ሲስቅ እላዬ ላይ የሚጥለው ክንዱም እንደዚያ ይሸት ነበር።

አባቴ ሻንቶ በኩል ማሳ ነበረው። ወንድሜ ዝንጅብሉን እያስቆፈረ ሶዶ አምጥቶ ይሸጥ ነበር። እሱ ሲያወራ ትንሹ ነገር ሁሉ ይገዝፋል። ሁለት ጆንያ ሸጦ ሲመለስ «ዛሬ ገበያው በእኔ ዝንጅብል ተጥለቀለቀ!» ይላል፤ ካፊያ ሲነካው «ሰማዩ እንዳለ ወረደብኝ» እያለ ይገባል። እናቴ በሳቅ ትፈርሳለች።

አባቴ የእሱ ተቃራኒ ነበር። ለአባቴ ነገር ሁሉ «ጉታ» ነው፤ በወላይትኛ ትንሽ ማለት ነው። በሽታ ገብቶ ዝንጅብሉ ከዳር እስከ ዳር ሲጠወልግ፣ ከማሳው ተመልሶ ደጃፍ ላይ ጫማውን እያወለቀ ለእናቴ የነገራት «ቅጠሉ ትንሽ ቢጫ ሆኗል» ብሎ ብቻ ነበር። እናቴ ፊቱን አየችው። ምንም ሳትጠይቅ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ አቀረበችለት።

ከዚያ በኋላ ለወንድሜ የሚሸጥ ነገር አልቀረለትም። ክረምቱ ሳይወጣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ።

እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ዝናቡ የክፍላችንን ቆርቆሮ ሲደበድበው ለመጮህ አይሞክርም፤ ጠመኔውን አስቀምጦ እስኪያባራ በመስኮት ያያል። ማጋነንን አስተምሮን ሲጨርስ «አሁን ደግሞ ተቃራኒውን» አለና ሦስት ቃላት ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ አንደርስቴትመንት፣ ዳውንፕሌይ፣ ቢሊትል። ትርጉማቸውን ሲጠይቀን ለሦስቱም «ማሳነስ» አልን።

«ሰውን ማሳነስ ቢሊትል ነው፤ ንቀት አለበት» አለ። «የቀሩት ሁለቱስ?»

እጄን አውጥቼ አባቴ ስለ ዝንጅብሉ የተናገረውን ነገርኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም።

«እናትሽ ማሳው እንደጠፋ አውቃለች?»

«አዎ ቲቸር። ፊቱን አይታ አውቃለች።»

«እንግዲያው አንደርስቴትመንት ነው። ተናጋሪውም ሰሚውም የነገሩን ትልቅነት ያውቃሉ፤ ያነሰው ቃሉ ብቻ ነው። ዳውንፕሌይ ግን ሰሚው ክብደቱን እንዳያውቅ፣ እንዳይደነግጥ አቅልሎ መናገር ነው።»

ቤት ገብቼ ይህን ለአባቴ ስነግረው አፍሮ መሬት መሬት አየ። «ደህና አስተማሪ ነው» አለ። በእሱ አፍ ይህ ታላቅ ምስጋና ነበር።

ወንድሜ እሁድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይደውል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያው የድሮው ሰው ነበር። «የምሠራበት ሱቅ የሶዶን መናኸሪያ ያክላል!» ሲል ስልኩን ከበን እንስቃለን። ቆይቶ ግን ወሬው እያጠረ መጣ። እናቴ «ሥራውስ?» ስትለው «ደህና ነው» ይላል። «ሌባ ይበዛል ይባላል እኮ» ስትለው «አልፎ አልፎ ነው» ይላል። በመጨረሻው እሁድ «ትንሽ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ» አለ።

እናቴ ስልኩን ዘግታ ፈገግ አለች። «ልጄ በሰለ» አለች። «እንደ አባቱ መናገር ጀመረ።»

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ያ ሁሉን የሚያገዝፍ ሰው ለምን ድምፁን ቀነሰ? መምህሩ የነገረን ሁለተኛው ቃል፣ ዳውንፕሌይ፣ ወደ አእምሮዬ መጣ። ዛሬ የራሴ ልጅ ሐዋሳ ይማራል፤ ደውሎ «ትንሽ» የምትል ቃል ከአፉ ከወጣች ሦስት ጊዜ ሳልጠይቀው ስልኩን አልዘጋም።

ከዚያ እሁድ በኋላ ብዙ አልቆየም። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሰፈራችን ባለሱቅ በሩን ገርበብ አድርጎት አየሁ። ባለሱቁ የስልጤ ሰው ነበር፤ የወንድሙ ልጅ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ከወንድሜ ጋር ይሠራል። አባቴ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ ባለሱቁ ሁለት እጁን ይዞታል። ሲያየኝ «ሂጂ ልጄ፣ አባትሽ ይመጣል» አለኝ። ወንድሜን የሚሠራበትን ሱቅ የዘረፉ ሰዎች በጥይት እንደመቱት የሰማሁት በኋላ ነው።

እናቴ ጓሮ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። አባቴ መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

«ከዚያ ደውለው ነበር» አላት። «ልጃችን ትንሽ አሞታል።»

በአገራችን ይህን አነጋገር የማያውቅ ማን አለ? እኔ እንኳ ወዲያው ገባኝ። እናቴ ቀና አላለችም።

«ትንሽ?»

«ጉታ» አለ አባቴ።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ የያዘችውን ቅጠል ቀንጥሳ ሰፌዱ ላይ አኖረችው። «ትንሽ ከሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይሻለዋል» አለች። ከዚያ ዞራ አየችው። «አንተ ግን ደክመሃል። ግባና አረፍ በል።»

ምሽቱን አጠገቡ ተቀምጣ «እስቲ ቅመስ» እያለች በእጇ አጎረሰችው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችውም። እሱ የሚያድናት መስሎት ዋሸ፤ እሷ ደግሞ ያችን አንዲት ምሽት ከመናገር አተረፈችው።

ሲነጋጋ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ለመርዶ መጡ። ባለሱቁም ከኋላ ነበረ። አባቴ በሩን ሲከፍትላቸው እናቴ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ አገኟት። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኅታችን…» ብሎ ሲጀምር እጇን አነሳችበት።

«አትቸገሩ» አለች። «አባቱ ነግሮኛል።»

አባቴ ያን ጊዜ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። ድምፁን አውጥቶ፣ ሰፈሩ በሙሉ እየሰማው፣ የልጁን ስም እየጠራ አለቀሰ።