የዱዓው ፎቶ

ይህን ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። መስጊድ ትከሻዬን ነክተው ለሚቆሙትም አልተነፈስኩም። ለእናንተ የምነግራችሁ፣ አንዴ ከወጣ በኋላ መመለሻ እንዳይኖረኝ ብዬ ነው። ከሚሴ ከገበያው ጀርባ የነበረውን አሮጌ ሰፈር ያስፈረስኩት እኔ ነኝ። ዶዘሩን የነዳው ሌላ ነው፤ ትእዛዙን የፈረመውም ሌላ ነው። ያስፈረስኩት ግን እኔ ነኝ።

የከተማ ፕላን ባለሙያ ነኝ። ሰፈሩ የሚታደስበትን ፕላን አውጣ ተባልኩና ወራት ተቀምጬ ሠራሁት። የጭቃ ቤቶቹ ተነሥተው ሰፊ መንገድ፣ ፎቅ፣ ሱቅ። ወረቀቱን ወደድኩት፤ ከሰዎቹ አብልጬ ወደድኩት። የቀረኝ የነዋሪው ስምምነት ብቻ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ፣ ከድምፅ አሰጣጡ ፎቶ ጋር።

ስብሰባው ዋርካው ሥር ተጠራ። እኛ ዘንድ ስብሰባ ያለ ዱዓ አይከፈትም። የሰፈሩ ሽማግሌ ዱዓ አደረጉ፤ ሕዝቡ ሁለት እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። እኔም አሚን እያልኩ ከኋላ ቆሜ በስልኬ አነሳኋቸው። ያን ጊዜ ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም ልበል? እንጃ።

ከዚያ እማማ ዘሃራ ተነሡ። ከሰንበቴ ገበያ ከብት ገዝተው ወደ ደሴ የሚያልፉ ነጋዴዎች እሳቸው ግቢ ያድሩ ነበር፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የኖሩት በዚያው ገቢ ነው። የጎርፍ መውረጃ ሥሩልን፣ መንገዱን አስተካክሉልን፣ ከቤታችን ግን አታንሡን አሉ። ሰዉ ሁሉ ልክ ናቸው አለ። ድምፅ ሳይሰጥ ተበተነ።

ቢሮ ገብቼ፣ ነዋሪው እጅ በማውጣት በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል ብዬ ጻፍኩ። የዱዓውን ፎቶ አያያዝኩበት። ድምፅ የሚሰጥ ሰው አንድ እጁን ነው የሚያወጣው፤ ሁለት መዳፉን የዘረጋ ሰው የሚለምነው አላህን ነው። ይህን የከሚሴ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። ከእኔ በላይ ያሉት አላዩትም፣ ወይም እንዳላዩ አለፉት፤ በእነሱ አላሳብብም።

ሰፈሩ ፈረሰ። ሰዉ ግማሹ ከተማው ዳር፣ ግማሹ ጨፋ ሮቢት ተበተነ። ለእማማ ዘሃራ የተሰጣቸው ምትክ ቦታ ነጋዴ የማያልፍበት ዳገት ላይ ነው። እንግዳ ያሳድሩ የነበሩት ሴት ዛሬ ልጃቸው ቤት ጥገኛ ናቸው። ፎቁ ሳያልቅ ብረቱ ዝጎ ቆሟል። አልቆ ቢሆንስ? በደሌ ያው ነበር።

በቅርቡ ሌላ አሮጌ ሰፈር ሊታደስ ነው፣ የእኔም ቃለ ጉባኤ አርአያ ይሁን ሲባል ሰማሁ። እማማ ዘሃራ ዘንድ ሄጄ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸውና አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ፦

«ኢልመኮ፣ ልጄ፣ በራሴ በኩል አፉ ብዬሃለሁ። የሌላውን ሐቅ ግን እኔ ምን ብዬ ልተውልህ? ሂድና ለየባለቤቱ ንገር።»

በማግስቱ ቃለ ጉባኤው ሐሰት መሆኑን ጽፌ፣ ፈርሜ አስገባሁ። ከሥራ ቢያባርሩኝም ቃሌን አልመልስም። ከዚያ ወዲህ በየበሩ እየዞርኩ ነው። ብዙዎቹ አፉ ብለውኛል። ጨፋ ሮቢት ላይ አንዱ ሰደበኝና በሩን ዘጋብኝ፤ ስድቡ ውስጥ ሐሰት አልነበረም። የሞቱም አሉ፤ እነሱን አልደርስባቸውም። የቀሩትን ግን ሳልጨርስ አላርፍም።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ያፈረስኩት የእናንተን ቤት አይደለም።