ቀላሉ ላፕቶፕና የሆመቾው ቅቤ

በቀደም የልጅ ልጄ ሊዲያ ላፕቶፕ ልትገዛ ስትሄድ እኔንም ይዛኝ ወጣች። ለምን እንደፈለገችኝ አልገባኝም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም እኔ በስልክ እያወራሁ የምትጽፈው እሷ ናት። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም፤ ከቤታችን መናኸሪያው አጠገብ እስካለው ሱቅ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብዬ አርፌያለሁ። ግን ከኋላዋ እየተጎተትኩ አንድ ነገር አየሁ፤ ቀኝ ትከሻዋ ወርዷል። ሥራዋ የእህል ነጋዴዎችን ማማከር ነው። ዛሬ ሀደሮ፣ ነገ ሆመቾ፣ ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ እያለች፣ ያንን አሮጌ ላፕቶፕ በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ ዓመታት ዞረች። ገና በወጣትነቷ ስትቆም ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ያ የሸክም አቋቋም ነው፤ የትም ባየው አውቀዋለሁ።

ባለሱቁ ሁለት አወጣልን። አንዱ ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ከባድ ነው። ሌላው እንደ ትሪ የሳሳ ነው፤ ሳነሳው ባዶ ሽፋኑን የሰጠኝ መሰለኝ።

«እማማ፣ ይሄ የትልልቅ ሥራ አስኪያጆች ነው። ይዘውት ሲሄዱ የያዙትም አይመስልዎትም» አለኝ።

አባቷ፣ ልጄ ማቴዎስ፣ በስልክ ይጮሃል። «ከባዱን ግዢ! ቀላል ነገር አይበረክትም አልኩሽ!»

ሊዲያ ስልኩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች። በማግስቱ ጠዋት ለአንድ ወር ሥራ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ ወይ ያን ቀን ትገዛለች፣ ወይ አሮጌውን እንደገና ትሸከማለች። «እማማ፣ አንቺ በይ እስቲ። ዕድሜ ልክሽን የተሸከምሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«ከባዱን» ልል አፌን ከፈትኩ። በአፌ ልትናገር የመጣችው ግን እናቴ ነበረች።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። መንደራችን ከሆመቾ ወዲህ ነበር። እናቴ ቅቤ ነጋዴ ነበረች፤ ቅቤውን በሸክላ ማሰሮ አድርጋ፣ በጀርባዋ አዝላ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ተጉዛ ሆሳዕና ታደርሳለች። አንድ መስከረም ላይ እግሯ አበጠ። ያሆዴ፣ የእኛ የሀዲያዎች ዘመን መለወጫ፣ ደርሷል፤ በዚያ ሰሞን ቅቤ የሌለበት ቤት ቤት አይባልም። የቡላው ገንፎ፣ አታካናችን፣ ቅቤ ካልዋኘበት ማን ይበላዋል? ሆሳዕና ደግሞ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ፣ ከሰሜን የመጡ የሹም ባለቤት፣ የእናቴ የብዙ ዓመት ደንበኛ ነበሩ። ለመስቀል የሚሆን ቅቤ አዝዘዋል።

«ይህን በደህና ካደረስሽ ደንበኛዋም ገበያውም ያንቺ ነው» አለችኝ እናቴ። ከዚያ ማሰሮውን አሳየችኝ። «ይከብዳል። ግን ቅቤን ያውቃል።»

ለምን እንደሚያውቅ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እሷ ዞር ስትል ቅቤውን ወደ ቅል አዛወርኩት። በበዓል ሰሞን ሆሳዕና ጎብጬ ሳይሆን ቀጥ ብዬ መግባት አምሮኝ ነበር።

ወገግ ሲል ወጣሁ። አገሩ በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ጭቃው በእግሬ ጣቶች መሃል ይወጣል፤ ከእንሰቱ ቅጠል ውሃ ይንጠባጠባል። ቅሉ እንደ ሕፃን ቀሎኝ እያንጎራጎርኩ ሄድኩ። ረፋድ ላይ ጭጋጉ ተገፈፈ። የመስከረም ፀሐይ መቼም ክረምቱን ታስራ እንደተፈታች ናት። ወገቤ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ሲወርድ ላብ መሰለኝ።

ገበያው አፋፍ ላይ አንዲት ነጋዴ አየችኝ። «ኧረ ልጅት! ሰው ቅቤ የሚቀባው ራሱን ነው፤ አንቺ ቀሚስሽን ነው እንዴ?» አብረዋት የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

ወይዘሮ አስካለ የቅሉን አፍ ከፈቱ፤ አሸተቱ፤ መልሰው ወተፉት። «የኔ ልጅ፣ እኔ ያዘዝኩት ቅቤ ነው፤ ይሄ ዘይት ሆኗል። ምን እንደገባበት በምን አውቃለሁ? እናትሽን ሰላም በያት።» አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቅቤ ከሌላ ሰው ወሰዱ።

እናቴም አልመታችኝም። በሳምንቱ ማሰሮውን ራሷ ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝና «ከእንግዲህ ይሄ ነው» አለች። ያ «ከእንግዲህ» ሃያ ዓመት ሆነ። አርግዤም፣ ወልጄም፣ ታምሜም ያው ማሰሮ ነው፤ ሲሰበርም ሌላ ማሰሮ። ሰው ሸክምን ይለምድና የገላው ክፍል ይመስለዋል።

ከዚያ አንድ ቀን ከሀደሮ የመጣች ሴት ገበያ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ቅቤዋ በቅል ነው። ፀሐዩ አናታችን ላይ ሆኖ ቅቤዋ ድንጋይ!

«እህቴ፣ ምን አድርገሽው ነው?» አልኳት።

«እርጥብ ኮባ አልብሼው ነዋ። ወንዝ ባገኘሁ ቁጥር ቅጠሉን አረጥበዋለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ጠየቅኩ» አለችኝ፣ ሌላ ምን ይደረጋል በሚል ዓይን።

ያን ጊዜ ጀርባዬ ጎብጦ አልቋል። ለካ ጥፋቱ የቅሉ ቅለት አልነበረም፤ ራቁቱን ፀሐይ ላይ ማውጣቴ ነበር። ማሰሮው የሚያውቀው በወፍራም ገላው ፀሐዩን መከለል ነው፤ ያንን እርጥብ ቅጠልም ያውቀዋል።

እናም ሱቁ ውስጥ የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁና ባለሱቁን ጠየቅኩት። «ይሄ ቀላሉ ሲሠራ ሲውል ይግላል?»

«እማማ፣ ይቀልጣል ብለው ነው?» ብሎ ሳቀ።

«አንድ ጊዜ ቀልጦብኝ ያውቃል» አልኩት። «መብራት ሲጠፋስ ምን ያህል ይቆያል? ቢወድቅስ? ቻርጀሩን አምጣው፤ አብሮ የሚሄደውን ሁሉ አምጣ። ቅሉ ብቻውን አይመዘንም።»

ሳቁን ተወና ቁም ነገር ያወራ ጀመር። ከመብራት ነቅሎ ሊዲያ በሥራዋ እንደምታደርገው እንድትሠራበት ሰጣት። እኛ ሻይ ስንጠጣ፣ ሻዩም ሲቀዘቅዝ፣ እሷ ስትጽፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ከዚያ ጭኔ ላይ አኖርኩት። ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። ቻርጀሩ መዳፌን አይሞላም። ሁሉንም ቦርሳዋ ውስጥ ከትቼ፣ ለሚወድቅበት ቀን ወፈር ያለ ልባስ አስጨምሬ፣ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩት። እኔ አሮጊቷ ቻልኩት።

«ይሄን ግዢ» አልኳት። «ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋት። ተሸካሚው ቦርሳዋን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ «አይከብድም፣ ወንድሜ» ብላ አለፈችው። ከኋላዋ ሆኜ አየሁ፤ ሁለቱ ትከሻዎቿ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው።

ወደ ቤት ስመለስ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። በሦስተኛው ጀርባዬን ከአንድ አጥር ጋር አስደግፌ ላቀናው ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ምነው እናቴን ማሰሮው ቅቤን የሚያውቀው ለምንድን ነው ብዬ በጠየቅኳት ኖሮ አልኩ። ግን ምን ትመልስልኝ ነበር? ምናልባት እሷም ከእናቷ «ከእንግዲህ ይሄ ነው» ከመባል በቀር ሌላ የሰማችው የለም። የእሷም ጀርባ ጎብጦ ነበር።