የሚበላው አጥር

አቡበከር ከጎረቤቶቹ ሁሉ ቀድሞ አዲስ ነገር መሞከር ይወዳል፤ ቀድሞ መጸጸቱን ግን ለማንም አይናገርም።

ከቦርከና ወንዝ ዳር ያለው የበቆሎ ማሳው አባቱ በተከሉት ድግጣ ታጥሮ ነበር። ድግጣ ቢጫ አበባ የሚያወጣ መራራ ቁጥቋጦ ነው፤ ፍየል እንኳ አይቀምሰውም። አቡበከርን ያንገበገበውም ይኸው ነው።

«እንስሳ የማይበላው ዛፍ ምን ይሠራል?» አላት ሚስቱን ፈይሩዝን። «መሬት ይዞ ቁጭ!»

«የጀነት አባት፣ አጥር እኮ ነው! ማን ብላው አለ?»

አልሰማትም። ከግብርና ባለሙያዎች ያገኘውን፣ ሰስባንያ የተባለ የመኖ ዛፍ ችግኝ፣ ድግጣውን እየመነገለ በቦታው ተከለ። ሰስባንያው አላሳፈረውም፤ ቶሎ ከቁመቱ በላይ ሆነ፣ አበባውን አንዠረገገ። አቡበከር ቅርንጫፉን እያጎነበሰ ላሞቹን ከእጁ ያበላ ጀመር። ወተት ጨመሩለት። ሰው ከከሚሴ ድረስ መጥቶ ጎበኘው።

«አጥርም ነው፣ መኖም ነው» ይላቸዋል ደረቱን ነፍቶ።

ዝናብ በዘገየበት ዓመት ግጦሹ ከሰለ። በመስኖ ያደገው በቆሎው ግን ሊያሸት ተቃርቦ ነበር። አቡበከር ሰንበቴ ገበያ ውሎ ሲመለስ አጥሩ ተግጦ፣ ተሰባብሮ፣ ከብቶች በቆሎው መሀል ቆመው ያመነዥካሉ።

«የማን ከብት ነው? ወላሂ፣ ባለቤቱን ሳልከስ አላድርም!»

ፈይሩዝ ከኋላው ደረሰች። «የኛ ናቸው» አለችው። «ገመድ በጥሰው ነው። አጥር መብላቱን ማን እንዳስተማራቸው አንተ ታውቃለህ።»

ወዲያው ሳቋ አመለጣት። እሱ ግን ድንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የተረፈውን በቆሎ አንድ በአንድ ይቆጥር ጀመር።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ድግጣ አጥራቸው ቅጠል ሳይጎድልበት የቆመላቸው ሽማግሌ ጎረቤቱ፣ ሼህ ዓብዱ ዘንድ ሄደ።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ ሼህ ዓብዱ? የድግጣ ዘር አንቱ ዘንድ አይጠፋም ብዬ ነው።»

«ያንን እንስሳ የማይበላውን?»

«እሱኑ፤ የማይበላውን» አለ አቀርቅሮ።

ሽማግሌው አላሾፉበትም፤ ፈገግ ብለው እፍኝ ሙሉ ዘር ሰጡት። አቡበከር ድግጣውን በውጭ ዘራ፤ ሰስባንያውን እንደ አዲስ ከአጥሩ ወደ ውስጥ አስገብቶ ተከለ።

ሁለቱም ሲጸድቁ እንግዶች እንደገና መጡ።

«ውጭው አጥር፣ ውስጡ መኖ። ይቺን ዘዴ ያገኘኋት አስቤ አስቤ ነው» አላቸው።

ፈይሩዝ እርጎ እያቀረበች፣ «እውነቱን ነው፣ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ብዙ አስቧል» አለች።