ጡሩምባው ዝም ያሉ ሰሞን

ፀጉር አስተካካዩ አባቱን አረጋውያን መኖሪያ ካስገባ ጀምሮ፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግቶ እየሄደ ጢማቸውን ይላጫቸው ነበር። ሽማግሌው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ድምፃቸው ከመኪናው ክላክስ ስለማይተናነስ ሰዉ ሁሉ «ጡሩምባው» ይላቸዋል። ምላጩ ሲነካቸው፣ «ቀስ በል አንተ! ጉንጬን ነው እንጂ ዕድሜዬን ላጭ አላልኩህም!» ብለው ሲጮኹ የመኖሪያው ሳሎን ሳቅ በሳቅ ይሆናል።

ከዚያ ተላላፊ በሽታ መጣና ቤተሰብ እንዳይገባ ተከለከለ። ልጅየው ግን አልቀረም፤ በየቀኑ ከመስኮቱ ውጭ ይቆማል። መጀመሪያ ሰሞን አባቱ መስታወቱን በጡጫ እየደበደቡ «ክፈቱለት!» ይሉ ነበር። በሁለተኛው ወር መደብደቡን ተዉት። በሦስተኛው ቀና ብሎ ማየትም ቀረ። አንድ ቀን ልብ ብሎ ሲያይ፣ ሳሎኑ ውስጥ የተደረደሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሁሉ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል። ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ የሚያየው የለም። በጠራራ ፀሐይ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ተኝቷል።

በአራተኛው ወር በሩ ተከፈተ። ሲገባ የሚሰማው የራሱ ኮቴ ብቻ ነበር። ሳሙናውን ቀብቶ ምላጩን አሳረፈ። አባቱ አልጮኹም፤ ጉንጫቸው እንኳ ፈቀቅ አላለም። ፀጉር አስተካካዩ በሥራ ዘመኑ ሁለት ሬሳ ላጭቷል። እጁ ያንን አስታወሰና ምላጩን አስቀመጠ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ያዩት ግን እሱን ሳይሆን ከኋላው ያለውን ግድግዳ ነው።

«ሲስተር፣ ምን እየሰጣችኋቸው ነው?»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። «የሚያረጋጋ ኪኒን ነው ጋሼ። እርስዎን እየጠሩ ሲጮኹ ሌሎቹም አብረው ይጮኻሉ። እኛ ሁለት ነን፣ እነሱ ሠላሳ። ሐኪሙ ለጊዜው ብሎ አዘዘ።»

«ለጊዜው ማለት እስከ መቼ?»

«እሱን የጠየቀ የለማ።»

በማግስቱ ሐኪሙን አገኘው። አልተጣላም። «ዶክተር፣ አባቴን ያስጮኻቸው እኔ አጠገባቸው አለመሆኔ ነው። ይኸው መጥቻለሁ፤ ኪኒኑን ይቀንሱላቸው» አለ።

ሐኪሙ መዝገቡን ገልጦ የታዘዘውን መጠን አየ። «በአንዴ ማቆም አደጋ አለው። ቀስ በቀስ እንሞክረው።»

ሦስት ሳምንት ፈጀ። አንድ ቀን ምላጩ ጆሯቸው ሥር ሲደርስ «አቃጠልከኝ!» አሉ። ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ ቢሆንም የሳቸው ድምፅ ነው። ልጅየው ዞር ብሎ እንባውን በፎጣው ጠረገ። እንደ ድሮው ግን አልሆኑም። አንዳንድ ቀን የአውቶቡሱ ረዳት እየመሰላቸው «በሩን ዝጋ፣ እንሂድ!» ይሉታል።

በዚያው ሰሞን ዕቃውን ሸክፎ ሊወጣ ሲል፣ አጠገባቸው የሚቀመጡ ጠያቂ የሌላቸው ሽማግሌ እጅጌውን ያዙት። ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው። ጣቶቻቸው ግን አልለቅም አሉ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሳሙናውን እንደገና አወጣ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸውንም ይላጫል፤ ስለ ኪኒናቸውም ለሐኪሙ ነግሮላቸዋል። ዓይናቸውን ግን እስካሁን አልገለጡም።