ከምሽጉ ሥር የወደቀው ወታደር

ሥዕሉን የሠራሁት በወጣትነቴ፣ በሰዓሊነት ተመድቤ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን በዘመትሁበት ጊዜ ነው። መድፍ አንድ ጎኑን የናደው አሮጌ የድንጋይ ምሽግ፣ በውሃ ቀለም። ከፍርስራሹ ሥር አንድ ወታደር ፊቱን አዙሮ ወድቋል። ዲላ ባለው ቤቴ ሳሎን ለዓመታት ተሰቅሎ ሲኖር ስለ ወታደሩ የጠየቀኝ አልነበረም።

ባለፈው ክረምት ከዲላ በላይ ካለችው ቡሌ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት መጡ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የሥዕሉን ፎቶግራፍ በስልክ አሰራጭቶት ኖሯል።

«ወንድሜ ነው» አሉ፣ ሳይቀመጡ። «ይቺን ጆሮ አጣታለሁ እንዴ? ስንጣላ የምጎትታት እኮ ናት!»

ወንድማቸው ከዚያው ዘመቻ አልተመለሰም። እናታቸው «ሬሳውን ያየ ሰው ሳይመጣ ልጄን እንዳታለቅሱብኝ» ብለው በመሞታቸው ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጠም። አሁን ድንኳን ተተክሏል፤ ሰው ተሰብስቧል፤ የቀረው የእኔ ምስክርነት ብቻ ነው።

የምፈራውን ነገርኋቸው። የግንብን ቁመት ለማሳየት ከሥሩ ሰው ማስቀመጥ የሙያችን ልማድ ነው። በዚያ ግንባር ብዙ ሬሳ አይቻለሁ። ይህኛውን ግን እዚያው አገኘሁት? ከሌላ ቦታ አምጥቼ አኖርሁት? ወይስ ለልክ ስል ፈጠርሁት? ሥዕሉን ሳይ ስለኖርሁ የማስታውሰው ምሽጉን ይሁን ወረቀቱን መለየት ተስኖኛል።

«አየሁት ይበሉ፣ ጋሼ። አንዲት ቃል ናት።»

«ያላረጋገጥሁትን እንዴት እላለሁ፣ እሜቴ?»

ወደ በሩ ዞሩ። «እንግዲያው ይህንኑ መጥተው በአፍዎ ይንገሯቸው። እኔ ተሸክሜው አልገባም።»

ካፖርቴን ደርቤ ተከተልኋቸው። ወደ ቡሌ በሚወስደው ጭቃ መንገድ ያመጣቸው መኪና ሁለት ጊዜ ተይዞ ተገፋ፤ እኔ የምናገረውን በልቤ ደጋግሜ ሳስተካክል፣ እሳቸው አንዴም ወደ እኔ አልዞሩም።

ከድንኳኑ ፊት ስንወርድ አንድ ሰው «ምስክሩ መጡ!» ብሎ ጮኸ። አፌን ሳልከፍት ለቅሶው ተነሣ። ሽማግሌዎቹ እንኳ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወስደው ነበር። ዝም እንዲሉልኝ እጄን አነሣሁ።

ሴትየዋ ክንዴን ያዙና ቀስ አድርገው ወደ ታች አወረዱት። ዳግም አላነሣሁትም፤ ይህን አልጠራጠርም።