ሁለት ጥርስና ሦስት ጣት

«ሰላም» ማለት አልችልም። ከፊት ሁለት ጥርስ የለኝም፤ «ሰ» ላይ ስደርስ ትንፋሼ በክፍተቱ ሾልኮ ያፏጫል። ጥርሴን ያወለቀው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን የወረወረው ደግሞ አብሮ አደጌ ነው። እንዳታዝኑልኝ የቀረውንም ልንገራችሁ።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። እኛ ጴንጤዎቹ በደርግ ጊዜ የምንዘምረው መስኮት ዘግተን፣ በሹክሹክታ ነበር። ነጻነት ሲመጣ አዲስ አበባ፣ ወሰን በሚባለው ሰፈራችን የቆርቆሮ አዳራሽ ሠራንና ከሁሉ በፊት ድምፅ ማጉያ ገዛን። ወንበር እንኳ አልነበረንም። እኔ በሥራ ቀን ጎሚስታ፣ እሁድ መሪ ዘማሪ ነበርኩ። አብሮ አደጌ ኦርቶዶክስ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤታቸው ከበሮ መቺ ነበር። እሱ ሲመታ እኔ፣ መናፍቅ የተባልኩት ሰውዬ፣ እግሬ ሳላስበው ይነቃነቅ ነበር።

ለጥምቀት ታቦት በአዳራሻችን ፊት ሲያልፍ ሽማግሌዎቻችን ማጉያውን አጥፋ አሉኝ። አላጠፋሁም፤ ከፍ አደረግሁት። በኋላ ሲጠይቁኝ «መንፈስ ቅዱስ መርቶኝ ነው» ብያለሁ። ውሸት ነው፤ የመራኝ እልህ ነው። እልልታው ተቋረጠ፤ ሰልፉ ቆመ፤ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ይዘንብ ጀመር። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው ግድግዳ ሥር ተኮራመቱ። እኔ ማይክራፎኑን እንደያዝኩ ወደ በሩ ወጣሁ። አብሮ አደጌ ከበሮውን ወደ ጎኑ ገፍቶ ጎንበስ ሲል አየሁት። ቀና ሲል አፌ በደም ተሞላ። አንዱን ጥርስ ተፋሁት፤ ሌላው ማይክራፎኑ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን የጎማ መፍቻ ብረት ይዤ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው የባሕር ዛፍ መንገድ ላይ ጠበቅሁት። ብቻውን መጣ። ሲያየኝ አልሮጠም።

«በጣም ያምሃል?» አለኝ።

ያሳበደኝ ይህ ጥያቄ ነው። ጉልበቱን ስመታው ወደቀ። ቀኝ እጁን በጫማዬ መሬት ላይ ረግጬ ጣቶቹን ቀጠቀጥኳቸው። ሦስት ጊዜ። ድምፁ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነበር። ስመታው ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ታመሰ። እነሱ የአዳራሻችንን በር አቃጠሉ፤ የኛ ጎረምሶች ደግሞ አንድ ዲያቆን ደጃፉ ላይ ፈነከቱ። ሁላችንንም የሚቀብረው እድር ግን አንድ ነበር። እሱም ለሁለት ሊከፈል ሲል የእድሩ ዳኛ እኔንና አብሮ አደጌን አስጠሩን። ዳኛው ከስልጤ የመጡ ሙስሊም ባለሱቅ ናቸው። ፊት ለፊት አስቀመጡን።

«የተጣላችሁት በዘፈን ነው፤ የምትታረቁትም በዘፈን ነው። በጠቅላላ ስብሰባው ላይ አንድ ዘፈን አብራችሁ ታሰሙናላችሁ» አሉ።

«መዝሙር ነው» አልን፣ ሁለታችንም እኩል። ዘፈን መባል ለሱም ለኔም ስድብ ነው።

«ይኸው፣ ተስማማችሁ» አሉ ዳኛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው።

እኔ ግን አልተስማማሁም። ጥርሴ ከወለቀ ወዲህ አዳራሻችን ውስጥ እንኳ ዘምሬ አላውቅም። «ሰው ይስቅብኛል፤ ይቅርብኝ» አልኳቸው።

«እድሩ ከፈረሰ እናትህን ማን ይሸከማታል?» አሉኝ።

እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ያን ሰሞን ታማ አልጋ ላይ ውላ ነበር። እሺ አልኳቸው።

መዝሙሩን ከሁለቱም ወገን የተመረጡ ሰዎች አሰናዱት። እንዳያጣላ ብለው ማርያምንም፣ የኛንም አባባል አወጡና እግዚአብሔርንና ሰላምን ብቻ አቆዩ። ስድስት ጊዜ «ሰላም» ይላል። ስቆጥረው ላብ አጠመቀኝ።

ቀኑ ደረሰ። በእድሩ ድንኳን ውስጥ ጴንጤው በቀኝ፣ ኦርቶዶክሱ በግራ ተቀመጠ፤ አንዳንዱ ከጋቢው ሥር ዱላ ይዟል። አብሮ አደጌ ከበሮውን አነገተ። ሦስቱ ጣቶቹ እንደተቆለመሙ ቀርተዋል። ሳንተያይ ጀመርን።

የመጀመሪያው «ሰላም» ላይ ፉጨቱ ወጣ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ደሜ ፈላ። የሳቀውን የምፈነክትበት ነገር በዓይኔ ስፈልግ አንድ የድንኳን ካስማ አየሁ።

ሁለተኛው ላይ ገና አፌን ስከፍት ከበሮው ድም አለ። ሆን ብሎ ሊያበላሽብኝ ነው ብዬ ወደ ካስማው አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ሦስተኛውም ላይ እንደዚያው፣ ልክ «ሰ» ላይ፣ ድም። ፉጨቱ ከበሮው ውስጥ ጠፋ፤ ለሰሚው የደረሰው «ላም» ብቻ ነው። ግን ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም «ሰላም» ብሎ ሰማው።

ያኔ ዞሬ አየሁት። የከበሮውን ሰፊ ፊት የሚመታው በዚያ በሰበርኩት እጁ ነው። በእያንዳንዱ ምት ከንፈሩን ይነክሳል፤ ዓይኑ ግን አፌ ላይ ነው፣ «ሰ» መቼ እንደምትመጣ ይጠብቃል።

ሦስት «ሰላም» ይቀረን ነበር። ለእጁ ብዬ ዜማውን አዘገየሁለት።