የጋሽ በየነ ቡልዶግ

ልጅ ሆኜ ካዛንቺስ ውስጥ ጉረኛ ሞልቶ ነበር፤ የጋሽ በየነን የሚያህል ግን አላየሁም። ቤታቸው ከእኛ ቤት ጋር በቆርቆሮ አጥር ይዋሰናል። አንድ ቀን ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ አለቃቸው ጥሎላቸው የሄደውን ቡልዶግ ይዘው መጡና «ጄኔራል» አሉት። ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸው እንኳ ከአንገት በላይ ሆነ።

ጄኔራል ምስኪን ነበር። ፊቱ ተጨፍልቆ አፍንጫው ወደ ውስጥ ገብቷል። ከበር እስከ በረንዳ ሲራመድ ያለከልካል፤ ሲተኛ ማንኮራፋቱ አጥር ተሻግሮ እኛ ጋ ይሰማል። የፊቱ እጥፋት እርጥበት እየያዘ ይቆስልና ይሸታል፤ የአንድ ዓይኑ ጥግ እንደ ቀይ ሥጋ አብጦ ወጥቷል። ጋሽ በየነ ግን ለጠየቃቸው ሁሉ «የጀግና ውሻ ዓይን እንዲህ ነው» ይሉ ነበር። ጮማ እያበሉ ደግሞ አወፈሩት።

ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ አንጀታቸው አልቻለም። እጥፋቱን በየቀኑ በራሰ ጨርቅ እየጠረጉ ያደርቁለት ነበር። በኋላ ከእናቴ ጋር ሆነው በላዳ ታክሲ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዱት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ የአፍንጫው ቀዳዳ በጣም ስለጠበበ በቀዶ ጥገና ቢሰፋ እንደሚሻለው፣ መክሳት እንዳለበት ነገራቸው። ከሁሉም በላይ ፀሐይ እንዳይመታው አስጠነቀቀ። እትዬ ሙሉ ይህን ለባላቸው ሲነግሩ መልሱን በአጥሩ በኩል ሰማነው፦ «የወንድ ውሻ አፍንጫ ሊቀደድ? ሰው ምን ይለኛል!»

የፋሲካ ዕለት ጋሽ በየነ ጎረቤቱን ሁሉ ምሳ ጠሩ። ጄኔራልን ባለ እሾህ ማሰሪያ አጥልቀውለት በጠራራ ፀሐይ ግቢውን ወዲያ ወዲህ አስሮጡት።

«ኧረ በማርያም፣ ጥላ ውስጥ አስገባው!» አሉ እትዬ ሙሉ። ማን ይስማ።

ውሻው ምላሱ ጠቁሮ ተዘረረ። ጋሽ በየነ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ «ተነስ! አታዋርደኝ!» አሉት። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። እትዬ ሙሉ ባልዲ ሙሉ ውሃ ቢያፈሱበትም አልተነሳም።

በማግስቱ ጋሽ በየነ ሰፈሩን እየዞሩ ፀሐይ አይደለም የጣለው፣ ውሻዬን መርዘው ገደሉብኝ ብለው አወሩ። መራዧም እናቴ ሆነች፤ ለምን ቢባል አንዴ ማንኮራፋቱ እንቅልፍ ነሳን ብላ ነበርና። ሱቅ ስንሄድ ሴቶቹ ፊታቸውን ያዞሩብን ጀመር። እናቴ ከቤት መውጣት ተወች። ጋሽ በየነ ይባስ ብለው የእድር ስብሰባ ላይ ቆመው ከእድሩ ትሰረዝልኝ አሉ።

ያኔ እትዬ ሙሉ ከሴቶቹ መሃል ተነሱ። ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ማንም አልመረዘውም። ሐኪሙ ያለውን ነግሬሃለሁ። ሰው አይቶ እንዲያደንቅህ ብለህ አንተው ገደልከው። የእሷን ስም ተው!»

ጋሽ በየነ ኮታቸውን አስተካከሉና «ሴት ምን ታውቃለች» ብለው ወጡ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፋቸው አልወጣም። ሴቶቹ ግን የዚያኑ ዕለት ቤታችን ድረስ መጥተው እናቴን አቅፈው አለቀሱ።

ዛሬ ያ ሰፈር ፈርሷል። ባለፈው ኦሎምፒያ አንድ ካፌ በር ላይ አንድ ወጣት ቡልዶጉን ፀሐይ ላይ አቁሞ በስልኩ ፎቶ ሲያነሳው አየሁ። ውሻው አየር አጥቶ አፉን በረገደ።

«እየሳቀ እኮ ነው፣ አየሽው?» አለኝ።

«ታፍኖ ነው። ጥላ ውስጥ አስገባው» አልኩት።

ገላመጠኝና ፎቶውን ማንሳት ቀጠለ። ጋሽ በየነን በልጅ ልቤ ስንቃቸው፣ እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር።